ልጆችን ሒሳብ በጨዋታ ማስተማር፦ በየትኛው ጨዋታ?



ልጅን በሽልማት እያባበሉ ሒሳብ ማስተማር ተገቢ ነው? ጥያቄው ቀላል ይመስላል። ቅዳሜ ቅዳሜ እዚህ ቶርንክሊፍ ፓርክ ልጆቻችንን በፈቃደኝነት የምታስጠኑ ወጣቶች ግን ቀላል እንዳልሆነ ታውቃላችሁ። ልጆቹ ስለተሰላቹ ነጥብ እንስጣቸው፣ ስማቸውን በደረጃ የሚያወጣ ሰሌዳ እንስቀል፣ በየወሩ የዕድል ጎማ እናሽከርክር፣ በታብሌት የሚጫወቱትን የሒሳብ ጌምም እናስገባ የሚል ሐሳብ አቅርባችኋል። ከአባቶች መካከል «ትምህርት ትምህርት ነው፤ ጨዋታ ጨዋታ ነው» የሚሉ አሉ። ከእናንተ መካከል ደግሞ «ካልተጫወቱ አይመጡም እኮ» የምትሉ አላችሁ። ሁለቱም ወገን «ጨዋታ» ሲል አንድ ዓይነት ነገር ብቻ ያለ ይመስለዋል። እኔ ደግሞ ክርክሩ የተሳሳተው እዚያ ላይ ይመስለኛል። ከመወሰናችን በፊት የቱን ጨዋታ ወደ ልጆቹ እንደምናስገባ አብረን እንድናስብ ነው ይህን የምጽፈው። አንዳንድ ቃል ከከበዳችሁ እናቶቻችሁን ጠይቁ፤ እግረ መንገዳችሁንም ታጫውቷቸዋላችሁ።

ነገሩ የቅንጦት ጥያቄ አይደለም። በኦንታሪዮ የሦስተኛና የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች በየዓመቱ የጠቅላይ ግዛቱን ፈተና ይወስዳሉ። በ2021–22 የትምህርት ዘመን በሒሳብ የተቀመጠውን ደረጃ ያሟሉት የስድስተኛ ክፍል ተማሪዎች 47 በመቶ ነበሩ። ይህ የመላው ኦንታሪዮ ቁጥር ነው። የሰፈራችን ልጆች ሌላም ሸክም አለባቸው። በሰሜን አሜሪካ ካሉት ትልልቅ የአንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤቶች አንዱ ሲባል በኖረው በቶርንክሊፍ ፓርክ የሕዝብ ትምህርት ቤት አካባቢ ኡርዱ፣ ፓሽቶና ዳሪ እንደ ልብ ይሰማል፤ እኛ በመካከላቸው ጥቂቶች ነን። ብዙው ልጅ ሒሳቡን ቢያውቀው እንኳ ጥያቄው የተጻፈበት እንግሊዝኛ ያደናቅፈዋል። ቤት ሲገባ አባት ከሥራ ደክሞ ተኝቷል፤ እናት «እኔ የተማርኩት በአማርኛ ነው፣ የእናንተን አሠራር አላውቀውም» ትላለች። ስለዚህ ልጁ ከሁሉም ቀድሞ የሚማረው ዝም ማለትን ነው። ክፍል ውስጥ እጁን አያነሣም። ከተሳሳተ ሃያ ምናምን ልጅ ያየዋላ።

ጨዋታን የምደግፍበት ዋናው ምክንያት ይኸው ነው። በጨዋታ ውስጥ መሳሳት ብዙ አያስከፍልም። የተሸነፈ ልጅ «እንደገና!» ይላል። ሒሳብ የተሳሳተ ልጅ ግን «እንደገና!» ሲል ሰምቼ አላውቅም። ለማስጠናት ስቀመጥ ቃል የማይወጣቸው ልጆች ካርታ ወይም ጠጠር በእጃቸው ሲገባ «ቆይ ቆይ፣ እኔ አለሁ!» እያሉ ሲሟገቱ አይቻለሁ። ትምህርትና ጨዋታ አይገናኙም የሚሉ አባቶች ይህን ጥቅም አቅልለው ያዩታል። በዲናችንም የልጅ ጨዋታ የተናቀ ነገር አይደለም። አዒሻ (ረ.ዐ.) በነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ቤት በአሻንጉሊት ትጫወት እንደነበር፣ ክንፍ ያለው ፈረስ አሻንጉሊት እንደነበራትና ነብዩም (ሰ.ዐ.ወ.) በእሱ እንደሳቁ በሐዲስ የተዘገበ ነው። እዚህ ድረስ ከእናንተ ጋር ነኝ።

አሁን ወደ ጨዋታው ውስጥ እንግባ። በምሳሌነት ገበጣን ልውሰድ። አባቶቻችሁና እናቶቻችሁ ልጅ ሆነው መሬት ላይ ጉድጓድ ምሰው ወይም በተቦረቦረ እንጨት ተጫውተውት ይሆናል። በኢትዮጵያ ከቦታ ቦታ ሕጉም የጉድጓዱ ብዛትም ይለያያል፤ ባለ ሁለት ረድፍ አለ፣ ባለ ሦስት ረድፍም አለ። የታሪክ ተመራማሪው ሪቻርድ ፓንክረስት እ.ኤ.አ. በ1971 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» በተባለው መጽሔት ላይ ስለ ገበጣና በአፍሪካ ቀንድ ስላሉ ተመሳሳይ ጨዋታዎች ሰፊ ጽሑፍ አውጥተዋል። በዐረብኛ መንቀላ ይባላል፤ በካናዳ የአሻንጉሊት መደብሮች «ማንካላ» እየተባለ የሚሸጠውም የዚሁ ቤተሰብ ነው።

ቀላሉን ዓይነት እንየው። ሁለት ረድፍ፣ በየረድፉ 6 ጉድጓድ፣ በየጉድጓዱ 4 ጠጠር፤ በጠቅላላው 48። ተራው የደረሰ ልጅ የአንዱን ጉድጓድ ጠጠሮች አንሥቶ በሚቀጥሉት ጉድጓዶች ውስጥ አንድ አንድ እየዘራ ይዞራል። የመጨረሻዋ ጠጠር የት ትወድቃለች? መላው ጨዋታ የቆመው በዚህች ጥያቄ ላይ ነው። ጀማሪው ልጅ ጉድጓዶቹን በጣቱ እየነካ ይቆጥራል። ትንሽ ሲቆይ በዓይኑ ብቻ ይቆጥራል። ከዚያ በኋላ ሳይቆጥር ያያል። በአንድ ጉድጓድ 15 ጠጠር ቢጠራቀም 12ቱ ሙሉ ዙር ሄደው መነሻው ላይ እንደሚያደርሱት፣ የቀሩት 3 ደግሞ ከመነሻው ሦስት ጉድጓድ አልፈው እንደሚያልቁ ይገባዋል። 15 ለ12 ሲካፈል 3 ይተርፋል ብሎ ማንም አልነገረውም፤ ለማሸነፍ ስለሚያስፈልገው ራሱ ደረሰበት። ሰዓትም ቢሆን ያው ሒሳብ ነው፤ 10 ሰዓት ላይ 5 ቢጨመር 3 ሰዓት ይሆናል። አያቱ ከአዲስ አበባ «በእኛ አቆጣጠር ሦስት ሰዓት ላይ ደውልልኝ» ስትለው 6 ደምሮ 9 የሚል ልጅ ገበጣ ላይ ያለውን አስተሳሰብ ቀድሞውኑ ይዞታል።

አሁን ደግሞ በታብሌት ካሉት የሒሳብ ጌሞች የብዙዎቹን አሠራር ተመልከቱ። ልጁ በአስማተኛ አምሳል ይንቀሳቀሳል፤ ጭራቅ ይገጥመዋል፤ ጭራቁን ለመምታት ሲፈልግ 7 ሲባዛ በ8 ስንት ነው የሚል ጥያቄ ብቅ ይላል። ከመለሰ ይመታል። ሒሳቡ ከጭራቁ ጋር ምንም ዝምድና የለውም። በቦታው የእንግሊዝኛ ፊደል አጻጻፍ ወይም የዓለም ዋና ከተማዎች ስም ብትተኩበት ጨዋታው ቅንጣት አይለወጥም። ገበጣን ግን ከመቁጠር ብትለዩት የሚቀራችሁ ባዶ ጉድጓድ ነው። እንግዲህ አንድ ጨዋታ ሲቀርብላችሁ መጀመሪያ የምትጠይቁት ይህን ይሁን፦ ሒሳቡን ብናወጣው ከጨዋታው ምን ይቀራል? ሙሉው ከቀረ፣ ሒሳቡ ልጁ ወደሚፈልገው ነገር ለመድረስ በየኬላው የሚከፍለው ቀረጥ ነበር ማለት ነው። ቀረጥ መክፈልን የሚወድ ሰው ደግሞ የለም፤ በቶሎ ከፍሎ ማለፍ ነው የሚፈልገው። ልጆች ጥያቄውን ሳያነቡ ቁልፉን እየነካኩ የሚገምቱት ለዚህ ነው።

ይህ የእኔ ግምት ብቻ አይደለም። እ.ኤ.አ. በ2008 ሮበርት ሲግለርና ጊታ ራማኒ የተባሉ ተመራማሪዎች በአሜሪካ ዝቅተኛ ገቢ ካላቸው ቤተሰቦች የመጡ፣ ገና አንደኛ ክፍል ያልገቡ ሕፃናትን በሁለት ከፈሏቸው። አንደኞቹ ከ1 እስከ 10 ቁጥሮች በተርታ በተጻፉበት ሰሌዳ ተጫወቱ። ሁለተኞቹ ያንኑ የመሰለ፣ ግን በቁጥር ፋንታ ቀለማት ያሉበትን ሰሌዳ ተጫወቱ። በሁለት ሳምንት ውስጥ አራት ጊዜ፣ በየጊዜው 15 ደቂቃ ያህል፤ ከዚያ አልበለጠም። ቁጥር ባለው ሰሌዳ የተጫወቱት ልጆች የቁጥር ግንዛቤያቸው በግልጽ ተሻሻለ። በቀለሙ የተጫወቱት አልተሻሻሉም። ሁለቱም ተጫውተዋል፤ ሁለቱም ከትልቅ ሰው ጋር ተቀምጠዋል። ልዩነቱን ያመጣው ጨዋታው ውስጥ የነበረው ቁጥር ነው። ካርቶንና እስክሪብቶ ካላችሁ ይህን ሰሌዳ ዛሬ ማታ ልትሠሩት ትችላላችሁ።

የሚገርመው፣ የፊቅህ ዑለማዎቻችን ይህን የመሰለ ጥያቄ ከብዙ መቶ ዓመታት በፊት አንሥተውታል። በሻፊዒይ መዝሀብ ኪታቦች ውስጥ ስለ ጨዋታዎች ሲወራ፣ በእንጨት ላይ በተቦረቦሩ ጉድጓዶች በጠጠር የሚደረገው መንቀላ በስሙ ተጠቅሶ ይገኛል። መለኪያ አድርገው ያቀረቡት የጨዋታውን ስም አልነበረም። በሒሳብና በማሰብ ላይ የቆመ ከሆነ ከሰንጠረዥ ጋር ይመደባል፤ በግምትና በዳይስ ዕድል ላይ የቆመ ከሆነ ከነርድ ጋር ይመደባል። ስለ ሰንጠረዥ ራሱ ዑለማዎች ተለያይተዋል፤ የፈቀዱትም ገንዘብ እንዳይያዝበትና ከሶላት እንዳያዘናጋ ቅድመ ሁኔታ አስቀምጠዋል። እኔ ፈትዋ ለመስጠት አይደለም ይህን የማነሣው፤ ብቁ አይደለሁም። የማነሣው የጠየቁበትን መንገድ ስለወደድኩት ነው። ከሽፋኑ አልፈው የተጫዋቹ አእምሮ ውስጥ ምን እንደሚሠራ ነው የጠየቁት።

ወደ ሽልማቱ እንምጣ። ነጥብ፣ ኮከብ፣ ባጅ። እ.ኤ.አ. በ1973 ማርክ ሌፐር፣ ዴቪድ ግሪንና ሪቻርድ ኒዝቤት በስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ መዋዕለ ሕፃናት ያደረጉት ሙከራ አለ። በራሳቸው ፍላጎት በማርከር መሣል የሚወዱ ልጆችን መረጡ። ለአንደኞቹ «ከሣላችሁ ባለ ወርቅ ማኅተምና ሪባን የምስክር ወረቀት ትሸለማላችሁ» አሏቸው። ሁለተኞቹ ምንም ሳይነገራቸው ሣሉና ድንገት ተሸለሙ። ሦስተኞቹ ምንም አላገኙም። ከሳምንት ከሁለት ሳምንት በኋላ ማርከሮቹ እንደገና ጠረጴዛ ላይ ሲቀመጡ፣ ሽልማት ቃል የተገባላቸው ልጆች ሥዕል ላይ ያጠፉት ጊዜ ከሌሎቹ ግማሽ ገደማ ሆኖ ተገኘ። ድንገት የተሸለሙት ላይ ግን ጉዳት አልታየም። ጉዳቱ ያለው «ይህን ካደረግህ ያንን ታገኛለህ» በሚለው ውል ውስጥ ነው። ልጁ ከውሉ የሚማረው ነገር አለ፦ ሰዎች ዋጋ የሚከፍሉኝ ነገሩ በራሱ የማይወደድ ቢሆን ነው። ማንም ልጅ ቸኮሌት እንዲበላ ኮከብ ተሰጥቶት አያውቅም።

እዚህ ላይ ከእናንተ አንዱ ጥሩ ተቃውሞ እንደሚያነሣ አውቃለሁ። «ዲናችን ራሱ በሽልማት የተሞላ አይደለም? ለአንድ መልካም ሥራ አሥር እጥፍ፣ ለጀማዓ ሶላት ሃያ ሰባት ደረጃ እየተባልን አይደል ያደግነው? አላህ ባሮቹን በጀነት ካበረታታ፣ እኛ ልጅን በኮከብ ብናበረታታ ምን ነውር አለው?» ይህ ተቃውሞ ለረጅም ጊዜ አሳስቦኛል። በአንድ በኩል ትክክል ነው፤ ተስፋ ሰውን ያንቀሳቅሳል፣ ማንቀሳቀሱም ነውር አይደለም። ሽልማት ሁሉ ልብን ያበላሻል የሚል ሰው ቁርኣንን አላነበበም።

ሆኖም አጅር በሁለት ነገር ከኮከቡ ይለያል። አንደኛ፣ ቆጣሪው አይታይም። ስንት እንዳላችሁ አታውቁም፤ ጎረቤታችሁ ስንት እንዳለውም አታውቁም። ሥራው ተቀባይነት ማግኘቱ ራሱ የተሰወረ ነው። ስለዚህ ሰው ዓይኑን ከቆጣሪው ላይ አንሥቶ ሥራው ላይ ያደርጋል። የእናንተ ሰሌዳ ግን የሁሉንም ስም ከላይ እስከ ታች ግድግዳ ላይ ይሰቅላል። ሁለተኛ፣ ሁላችንም የምናውቀው የኒያ ሐዲስ ሥራን የሚመዝነው በታሰበበት ነገር ነው። ሰዎች እንዲያዩት ብሎ የሠራ ሰው ያገኘው መታየትን ነው። ይህ ሪያእ ይባላል፤ ነብዩ (ሰ.ዐ.ወ.) ለኡመታቸው አጥብቀው ከፈሩት ነገር አንዱ ነው። የዘጠኝ ዓመት ልጅ ሙናፊቅ ይሆናል እያልኩ አይደለም። ሒሳብም ሶላት አይደለም። ግን በየሳምንቱ «ስምህ ስንተኛ ላይ ነው?» ብላችሁ ስትጠይቁት የምታለማምዱት ጡንቻ ያው ጡንቻ ነው። የመጨረሻዎቹ ሦስት ስሞች ደግሞ ሁልጊዜ እነዚያው ሦስት ልጆች ናቸው፤ አዲስ መጥተው እንግሊዝኛው ያልገባቸው። መሳሳት ብዙ እንዳያስከፍል ብለን ጨዋታ አምጥተን፣ ሰሌዳው ዋጋውን መልሶ ከፍ ያደርገዋል።

የዕድል ጎማው ላይ ብዙ ማለት አልፈልግም፤ ግን ዝም ብዬም አላልፈውም። የምንኖርበት መሬት ራሱ ታሪክ አለው። ይህ ሰፈር ከመሠራቱ በፊት የፈረስ እሽቅድምድም ሜዳ ነበር፤ እ.ኤ.አ. በ1917 ተከፍቶ እስከ 1950ዎቹ መጀመሪያ ቆይቷል። ማይልፖስት ፕሌስና ግራንድስታንድ ፕሌስ የሚባሉት መንገዶቻችን የዚያ ዘመን ትዝታ ናቸው። ሜዳው ከጠፋ ቆየ፤ ውርርዱ ግን ወደ ኪሳችን ገባ። ኦንታሪዮ እ.ኤ.አ. በኤፕሪል 2022 የኢንተርኔት ቁማር ገበያዋን ለግል ኩባንያዎች ከፍታለች፤ የሆኪ ጨዋታ ስታዩ ማስታወቂያው እንዴት እንደሚያሳድዳችሁ ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። ቤልጂየም በ2018 በቪዲዮ ጌም ውስጥ በገንዘብ የሚገዙትን የዕድል ሣጥኖች ቁማር ናቸው ብላለች። የእናንተ ጎማ ግን ነፃ ነው፤ ልጁ የሚያስይዘው ገንዘብ የለም፤ ስለዚህ ቁማር ነው ልል አልችልም። የምለው ይህን ብቻ ነው። ሒሳብ ልጁን ሊያስተምረው የሚገባ አንድ ትልቅ ነገር ቢኖር ውጤት ከምክንያት እንደሚመጣ ነው። በትክክል ከሠራህ በትክክል ታገኛለህ። ጎማው ደግሞ በትክክል የሠራውንም ያልሠራውንም ጠጋ ብሎ «ማን ያውቃል!» ይላቸዋል። በሒሳብ ክፍል ውስጥ ይህን የሚያስተምር ዕቃ ለምን ይቀመጣል? ፕሮባቢሊቲ ልታስተምሩበት ከሆነ ሌላ ነገር ነው፤ ያኔ መቶ ጊዜ አሽከርክሩትና ውጤቱን ልጆቹ በሠንጠረዥ ይመዝግቡ። በቃ ጎማው መምህር ሆነ።

የታብሌቱ ጌም ከሌላው ሁሉ የበለጠ የሚከብደኝ በፍትሕ በኩል ነው። በዓለም ላይ በብዛት ከሚታወቁት የሒሳብ ጌሞች አንዱ ፕሮዲጂ የዚሁ የኦንታሪዮ ልጅ ነው። በዋተርሉ ዩኒቨርሲቲ የተገናኙ ሁለት ወጣቶች፣ አሌክስ ፒተርስና ሮሃን ማሂምከር፣ እ.ኤ.አ. በ2011 መሠረቱት፤ በ2021 መጀመሪያ ላይ 125 ሚሊዮን የአሜሪካ ዶላር ኢንቨስትመንት አግኝቷል። የትምህርቱ ክፍል ለሁሉም ነፃ ነው፤ ይህን መካድ ፍትሐዊ አይሆንም። በብዙ ክፍሎችም መምህራን ይጠቀሙበታል። ገቢው የሚመጣው ወላጆች ከሚከፍሉት አባልነት ነው፤ አባል የሆነ ልጅ በጌሙ ውስጥ ተጨማሪ ሽልማትና እንስሳት ያገኛል። በፌብሩዋሪ 2021 ለሕፃናት የሚቆረቆሩ ሃያ ያህል ድርጅቶች ለአሜሪካ ፌዴራል ንግድ ኮሚሽን አቤቱታ አቀረቡ። ባደረጉት ምልከታ በ19 ደቂቃ ጨዋታ ውስጥ 16 የአባልነት ማስታወቂያና 4 የሒሳብ ጥያቄ ብቻ አየን አሉ። አባል የሆነው ልጅ በደመና ላይ ሲንሳፈፍ ያልሆነው መሬት ለመሬት ይሄዳል፤ ክፍል ውስጥ ጎን ለጎን የተቀመጡ ልጆች ይህን ይተያያሉ ሲሉም ከሰሱ።

ስለ አንድ ኩባንያ ብቻ አይደለም የምናገረው፤ የንግዱ አሠራር በብዙዎቹ ዘንድ ይኸው ነው። የኑዕማን ኢብኑ በሺርን (ረ.ዐ.) ሐዲስ አስታውሱ። አባቱ ከልጆቹ ለእሱ ብቻ ስጦታ ሰጠውና ነብዩን (ሰ.ዐ.ወ.) ምስክር እንዲሆኑ ጠየቀ። ለሌሎቹም ልጆችህ እንዲህ ሰጥተሃል ወይ ተብሎ ሲጠየቅ አልሰጠሁም አለ። በዚያ ላይ ምስክር መሆንን እምቢ አሉ። ቅዳሜ በአንድ ክፍል የሰበሰብናቸው ልጆች እንደ ልጆቻችን ናቸው። የአንዱ አባት የሁለት መኝታ ቤት ኪራይ ከፍሎ የተረፈው አለ፤ የሌላው እናት አራት ልጅ ይዛ በቅርብ የመጣች ናት። ደመናውና መሬቱ በአንድ ጠረጴዛ ዙሪያ ሲታዩ እኛም ምስክር ሆነን መቀመጣችን ነው። ለዚህ ነው የታብሌቱን ጌም በፕሮግራማችን ውስጥ ማስገባትን የምቃወመው። ቤቱ የሚጫወተውን ልጅ ግን አትውቀሱት። ጌሙ ፊቱ ላይ ተደቅኖ «አባትህን ለምን» ሲለው የስምንት ዓመት ልጅ ምን ያድርግ?

አንድ ነገር ደግሞ በሐቅ መነገር አለበት። ሒሳብ ሁሉ ገበጣ አይሆንም። የማባዛት ሠንጠረዥ መሸምደድ ይፈልጋል፤ መሸምደድ ደግሞ አሰልቺ ነው። አገር ቤት በቁርኣን ቤት ሉሕ ይዘው የቀሩ ሰዎች ይህን ጠንቅቀው ያውቁታል፤ ማንም ጨዋታ ነው ብሎ አላታለላቸውም። ሩበይዕ ቢንት ሙዐውዊዝ (ረ.ዐ.) የዘገበችው አለ። ሶሓባዎቹ በዓሹራ ቀን ትንንሽ ልጆቻቸውን ያስጾሙ ነበር፤ ልጁ ለምግብ ሲያለቅስ ከሱፍ የተሠራ መጫወቻ ይሰጡትና እስከ ማፍጠሪያ ያቆዩት ነበር። ይህን ዘገባ ስሰማ የሚደንቀኝ ሐቀኝነቱ ነው። ረሃቡን ረሃብ አይደለም አላሉትም። ጾሙን ወደ ጨዋታ አልለወጡትም። መጫወቻው ከጎኑ ሆኖ እንዲችለው አገዘው። እኛም 7 በ8ን ጭራቅ ሥር ሳንደብቅ «ይህ ትንሽ ያሰለቻል፤ ሃያ ደቂቃ አብረን እንቻለውና ተምር እንበላለን» ብንላቸው ምን ይቀርብናል? ተምሩን ለቀደመው ብቻ ሳይሆን ለሁሉም። እንዲህ ያለ ሽልማት ልጁን አይዋሸውም።

ስለዚህ በሚቀጥለው ስብሰባ የእኔ ድምፅ እንዲህ ይሆናል። ስም ያለበት ሰሌዳ ይቅር። መለካት ካስፈለገ እያንዳንዱ ልጅ በራሱ ደብተር ያለፈውን ሳምንት ከዘንድሮው ሳምንት ጋር ያወዳድር። ታብሌቱ ይቅር፤ ሒሳብ በውስጡ ያለበት ጨዋታ ግን ይግባ፣ እንዲያውም የጊዜውን ግማሽ ይውሰድ። ለገበጣ ገንዘብ አያስፈልግም። የ12 እንቁላል ካርቶን ክዳኑ ሲቆረጥ ባለ ሁለት ረድፍ ገበጣ ነው፤ አላህ ለእኛ ብሎ ያዘጋጀው ይመስላል። ለአንድ ካርቶን 48 ሽምብራ ይበቃል።

ሌላም ጥቅም ስላለው ነው በገበጣ የሙጥኝ ያልኩት። ብዙዎቻችሁ ወላጆቻችሁ በቤት ሥራ ሊረዷችሁ አልቻሉም፤ ያንን ክፍተት ለመሙላት ነው ዛሬ ታናናሾቻችሁን የምታስጠኑት። ልጆቹም «አባዬ ሒሳብ አያውቅም» እያሉ ያድጋሉ። ቀኑን ሙሉ ታክሲ ሲነዳ የዋለው አባት ካርቶኑ ፊት ተቀምጦ የመጨረሻዋ ሽምብራ የት እንደምትወድቅ ሳይቆጥር ሲናገር ልጁ ምን ዓይነት ፊት እንደሚያሳይ ማየት እፈልጋለሁ። ትምህርትና ጨዋታ አይገናኙም ያሉትን አባቶች መጀመሪያ ጋብዟቸው። በሕጉ ላይ መከራከራቸው አይቀርም፤ የወሎው በአንድ መንገድ ነው የሚዘራው ይላል፣ የጅማው በሌላ። አታስታርቋቸው። ሁለቱንም ሕግ ጻፉትና ልጆቹ በየትኛው መጀመር እንደሚሻል አስልተው ይንገሯቸው።